ሻይ የመሰለው ውሃ

ሽማግሌው የተገኙት ሳሎናቸው ውስጥ ከአኳሪየማቸው ሥር፣ በእርጥብ ወለል ላይ፣ በባዶ እግራቸው ነው። ቀኝ እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ርሷል፤ የጣቶቻቸው ጫፍ ጠቁሯል። አጠገባቸው አንድ ሳህን ደረቅ ቅጠል ተደፍቷል። ከበላያቸው፣ እንደ ምንጭ ውሃ በጠራው ገንዳ ውስጥ፣ አሥራ ሁለት ትንንሽ ዓሦች ሞተው ተንሳፍፈዋል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። ሊያበሽቋት ያወጡላት ስም ነበር፤ እሷ ግን ወደደችውና ማብሸቁን ተዉት።

«ኤሌክትሪክ ነው» አላት ሐኪሙ።

ሶኬቱን አየች። ምንም አልተሰካበትም። መስታወቱን ዞራ አየች። ላዩም ታቹም ታጥቦ ያብረቀርቃል፤ ከኋላ በኩል ብቻ የሳንቲም ስፋት ያላቸው ሁለት ቡናማ ቀለበቶች ቀርተዋል።

ሬሳውን ጠዋት ያገኘው የጌጥ ዓሣ ሻጩ ነው፤ የሃያ ዓመት ወዳጃቸው ስለሆነ የቤቱ ቁልፍ አለው። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ጥግ ይዞ ቆሟል።

«ገንዳው ማሞቂያ ነበረው?»

«የለውም። ክፍሉ ይሞቃል።»

«የቆላ ዓሣ ያለ ማሞቂያ?»

ሻጩ ኮቱን ይበልጥ ወደ ደረቱ ሰበሰበ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ግን ዝምታ አያውቅም። «ትናንት ጠዋት ሱቁ ውስጥ ከወንድሜ ጋር ሲጨቃጨቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ ወደ ሻጩ እያመለከተ።

«በምን ጉዳይ?»

«በቅጠል! አንዱ ሰፊው ይሻላል ይላል፣ አንዱ ቀጭኑ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች! ብቻ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ቁልፍ ያለው እሱ ነው፣ እሱን ያዙልኝ።»

ልጃቸው ወንበር ላይ ኩርምት ብላለች። እናቷ ከተቀበሩ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ ከአባቷ ጋር አልተነጋገሩም ነበር።

«ትናንት ከሰዓት መጣሁ» አለች። «አባዬ አልነበረም። አንድ ነገር ሠራሁለትና ‹መጥቻለሁ፣ ነገ እመለሳለሁ› የሚል ወረቀት ትቼ ሻንጣዬን ላመጣ ሄድኩ። ለዕርቅ ብዬ ነበር የሠራሁለት። ይየው አይየው እንኳን አላወቅኩም።»

መርማሪዋ የልጅቱን ጣቶች አየች። ጥፍሮቿ ሥር ቡናማ ነገር ገብቷል። ተነሥታ ጓሮ ወጣችና የቆሻሻ በርሜሉን ከፈተች፤ በፌስታል የታሰረ፣ ውሃ የጠጣ ቅጠል አገኘች። እዚያው በርሜሉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ነገሩ ገባት።

ስትመለስ ዓሣ ሻጩ በር ላይ ጠበቃት። «እህቴ፣ እዚህ ላይ ተዪው» አለ በሹክሹክታ። «እኔን ያዢኝና ይብቃ።»

ልትተወው ፈለገች። ግን ንጹሕ ሰው ታስሮ እሷ ቤቷ ገብታ መተኛት አትችልም። ሁሉንም ገንዳው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ውሃ ትናንት ሻይ ይመስል ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ቅጠሉ ነው የሚያቀልመው። አንድ ሰው ቆሻሻ መስሎት ቅጠሉን አወጣ፣ ውሃውን ቀዳ፣ መስታወቱን ፈተገ። ያልተፈተገው ማሞቂያው በሁለት ጎማዎቹ የተለጠፈበት ብቻ ነው። ስለዚህ ሲታጠብ ማሞቂያው እዚያው ነበር፤ የወጣው በኋላ ነው።»

«ይኸው! እሱ ነው ያወጣው!» አለ ወንድምየው።

«ማውጣቱንስ አውጥቷል። ግን ዓሣ የሚያረባ ሰው ውሃ ከመቀነሱ በፊት ማሞቂያውን ይነቅላል፤ የመጀመሪያው ትምህርታቸው ነው። ያጠበው ሰው ይህን አላወቀም። ማሞቂያው በደረቁ ጋለ፤ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሲፈስበት የማሞቂያው መስታወት ተሰነጠቀ፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው ገባ። የቧንቧ ውሃ የሚታከምበት መድኃኒት ዓሦቹን ገደለ። ሽማግሌው ደግሞ ቅጠል ሊመልሱ እጃቸውን ሲከቱ ኤሌክትሪኩ ያዛቸው።» ወደ ሻጩ ዞረች። «እስቲ ኮትህን ፍታ።»

የተሰነጠቀ ማሞቂያና አንድ ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እንባው ይወርዳል።

ልጅቱ ብድግ አለች። «እኔ ነኝ ያጠብኩት» አለች። «ባልዲ በባልዲ። ቆሽሾ... ብቻውን ሆኖ ማን ያጥብለት ብዬ።» ወደ ገንዳው ዞረች። «እናቴን ስንቀብር ‹ለዓሦችህ ያዘንከውን ያህል ለእሷ አላዘንክም› ብዬው ነበር የሄድኩት።»

«ገንዳው የእናትሽ ወንዝ እኮ ነው» አለ ሻጩ። «ያደገችበት። ውሃው በቅጠል ጠቁሮ ነው የሚፈሰው። አባትሽ በየዓመቱ ከዳርቻው ቅጠል ለቅሞ ይመጣ ነበር፣ ሽታውን ላለማጣት።»

መርማሪዋ ደብተሩን ገለጠች። ሽማግሌው ገንዳውን ከመንካታቸው በፊት የሚሠሩትን የመጻፍ ልማድ ነበራቸው። የመጨረሻውን ገጽ ስታነብ ሻጩ ለምን ጥፋተኛ መስሎ ለመታሰር እንደቆረጠ ገባት። ደብተሩን ለልጅቱ ሰጠቻት፤ የእሷ ነውና።

«ልጄ መጥታለች። ውሃዬን አጥባልኛለች። ዓሦቹ አልተረፉም፤ ይሁን፣ ዓሣ ይገኛል። ለዛሬ ጥቂት ቅጠል ልመልስ፤ የቀረውን ነገ አብረን እንጨምራለን። እንዳጠፋች ማንም አይንገራት።»

ልጅቱ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የተደፋውን ቅጠል አንድ በአንድ ወደ ሳህኑ ትለቅም ጀመር።

«ጋሼ» አለች ቀና ሳትል፣ «ስንት ቅጠል ነው የሚገባበት?»

ዓሣ ሻጩ ሳህኑን ወደ እሷ አስጠጋላት። አጠገቧ ተንበርክኮ አብሯት ለቀመ።