በግድግዳው ማዶ የተሰማው ጊታር

የድምፅ ቀራጩ ጋሽ ሽቦ ሞቶ የተገኘው ዕድሜ ልኩን ድምፅ ሲያስረዝምበት በኖረው ደረጃ ሥር ነበር። የስቱዲዮውን የጀርባ ደረጃ የማሚቶ ክፍል ያደረገው ራሱ ነው፤ ከግርጌው ስፒከር፣ ከአናቱ ማይክ አስቀምጦ ጊታሩንም ዘፈኑንም ከሲሚንቶው ግድግዳ ጋር እያላተመ ይቀዳው ነበር። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የወጣውን ያንን የሮክ አልበም የሰማ ሁሉ «እነዚህ ሰዎች ዋሻ ውስጥ ነው እንዴ የዘፈኑት?» የሚለው በዚህ ደረጃ የተነሣ ነው። አልበሙ እንደ አዲስ ሊታተም ነው ተብሎ ሽማግሌው ደፋ ቀና ሲል ሰነበተና ሰኞ አመሻሽ ላይ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ፣ የሽቦ ጥቅሉ ከትከሻው ሳይወርድ ተገኘ።

መርማሪዋ ቸኮለች። ከበሮ መቺው ሰኞ ጠዋት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቶ ነበር። ሰውየውም አልካደም።

«‹ያኔ ከበሮዬን ብርድ ልብስ አልብሰህ አፈንከኝ፤ አሁንም ልታፍነኝ ነው? በቁምህ ነው የምቀብርህ!› ብዬዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለው የኖርኩት ነው» አለ።

ይህችን ብቻ ይዛ፣ ሚስቱ ቆማ እያየች፣ ካቴና አስገባችለት። በማግስቱ ጋዜጣው «ገዳዩ ከበሮ መቺ» ብሎ ወጣ። መርማሪዋም የበሩን መዝገብ የገለጠችው ያኔ ነው። ከበሮ መቺው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቶ የተመለሰው አሥራ አንድ ሊሆን ሲል ነው።

«አሥር ሰዓት ላይ ከጀርባ አንድ ነገር ጓ! ሲል ሰምቻለሁ» አላት ዘበኛው።

«ሰምተው ዝም አሉ?»

«የሮክ ሰዎች ናቸውኮ! እነሱ ዘንድ የሚያስደነግጠው ጸጥ ሲል ነው።»

«ትናንት ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቁኝ? እርስዎ ካቴናዎን መዘው ነው የገቡት።»

የሐኪሙ ወረቀት ደግሞ የባሰ ነበር። ሟቹ ታግሏል፤ እጅጌው ተቀዷል፤ ከወደቀ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይቷል። አለቃዋ ግን ከበሮ መቺውን እንዲፈታላት ስትለምነው ራሱን ነቀነቀ። «የጀርባው በር ዘበኛ የለውም፤ ዞሮ ገብቶስ ቢሆን? ሌላ ሰው ሳታመጪልኝ አይፈታም» አላት። እሷ የቆለፈችበትን በር እሷው ልትከፍተው ግድ ሆነ።

ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ከሟቹና ከዘበኛው ሌላ ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ፒያኖ ተጫዋቿና ታላቅ ወንድሟ ጊታሪስቱ። ወንድምየውን በአንድ ሶሎው የተነሣ አገር ሁሉ «መብረቅ» ይለዋል።

ፒያኖ ተጫዋቿን በአንደኛው ክፍል አገኘቻት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ሁላችንም ያገኘነውን ይዘን መጣን» አለች። «ወንድም ጋሼ ከአጭር ሞገድ ሬዲዮ የሰማውን ብሉዝ፣ እኔ የትምህርት ቤት መዝሙሬን፣ ከበሮ መቺያችን ደግሞ አባቱ የሚነፋበትን የማርሽ ባንድ። ተደበላልቆ የድመት ጠብ ይመስል ነበር። አልበም ያደረገው ጋሽ ሽቦ ነው።»

«ሰኞ አሥር ሰዓት ላይስ?»

«እዚሁ ነበርኩ። ወንድም ጋሼም ከግድግዳው ማዶ የመብረቁን ሶሎ ይጫወት ነበር። እየደጋገመ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል።»

«አይተውታል?»

«እህት ወንድሟን ለመለየት ዓይን ያስፈልጋታል? እንዲያውም አብሬው ልጫወት ሞክሬ ይሄ ፒያኖ አዋረደኝ። በአንዱ ቁልፍ ስይዘው ጊታሩ ከፍ ይላል፣ በሚቀጥለው ስይዘው ዝቅ ይላል። አረጀ መሰለኝ፤ እንደኔው።»

«ከዚያ በፊት አብራችሁ ተጫውታችሁ ነበር?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ሰላም ነበር። አሥራ አንድ ሰዓትም ደግመን ጀምረን ነበር፤ ያኔም ሰላም ነበር። ከዚያ ‹ጋሽ ሽቦ የት ቀረ?› ተባባልን...»

መርማሪዋ የጊታር መቃኛ ተውሳ ፒያኖውን ቁልፍ በቁልፍ ፈተነችው። ቅኝቱ ንቅንቅ አላለም። ለአንድ ሰዓት ብቻ አርጅቶ የሚመለስ ፒያኖ ደግሞ የለም።

ያን ጊዜ የልጅነት ቁስሏ ተነካ። አልበሙ ሲወጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ የሙዚቃ አስተማሪ ነበር፤ የእሱን አኮርዲዮን አንሥታ ከአልበሙ ሸክላ ጋር ልትጫወት አንድ ክረምት ሙሉ ታገለች፤ አንድም ቀን ገጥሞላት አያውቅም። «ተይው ልጄ፣ ጆሮ የለሽም» አላት አባቷ፣ እንግዶች በተሰበሰቡበት። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አንጎራጉራ አታውቅም።

ጊታሪስቱን ሁለተኛው ክፍል፣ ከቴፕ ማጫወቻው አጠገብ አገኘችው።

«ያንን ሶሎ እንዴት ነበር የተጫወቱት?»

«በአንድ ትንፋሽ» አለ። ሠላሳ ዓመት የመለሰው ጥያቄ ነውና አልተደናቀፈም። «ጋሽ ሽቦ ቴፑን አስነሣ፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አለቀ።»

«ሰኞስ?»

«እሱኑ ስለማመድ ነበር። እህቴን ጠይቂያት፣ የእኔ ልጅ።»

እሷ ግን የማጫወቻውን የፍጥነት መቆጣጠሪያ እያየች ነበር። ከዚያ ወጥታ፣ ከደረጃው አናት ባለችው የጋሽ ሽቦ ጠባብ ቢሮ ገብታ ደብተሮቹን ስታነብ ዋለች።

ረቡዕ ጠዋት ሁሉንም መቅጃው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ከበሮ መቺው በፖሊስ ታጅቦ፣ ከነካቴናው መጣ። ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም።

«የጋሽ ሽቦ ደብተር እንዲህ ይላል» አለች። «‹ዘፈኖቹ ተጎተቱ። ልጆቹ ደክመዋል። ቴፑ ሲታተም ሦስት በመቶ ይፍጠን።› ቴፕ ሲፈጥን ድምፁም ይቀጥናል። ስለዚህ ያ አልበም ከፒያኖም ሆነ ከአኮርዲዮን ጋር አይገጥምም፤ በአንድ ቁልፍና በሚቀጥለው መካከል ነው የሚውለው። ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ በግድግዳው የተሰማው ጊታርም እዚያው መካከል ነበር። ዘጠኝና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን ከፒያኖው ጋር ገጥሟል። የሁለተኛው ክፍል ማጫወቻ አሁንም ሦስት በመቶ ላይ ነው ያለው። እመቤቴ፣ እርስዎ የሰሙት ወንድምዎን አይደለም፤ ጊታሩ ብቻ ያለበትን፣ ጫፍና ጫፉ ተያይዞ እየዞረ የሚደጋግመውን የዛሬ ሠላሳ ዓመቱን ቴፕ ነው።»

ፒያኖ ተጫዋቿ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ቴፑን አስነሥተው ለምን ወጡ?» አለች መርማሪዋ ወደ ጊታሪስቱ ዞራ። «ደብተሩ ይቀጥላል፦ ‹ሶሎው ከአሥራ ሰባት ሙከራ በምላጭ ተቆርጦ ተቀጠለ። በአዲሱ እትም አሥራ ሰባቱም ይግቡ፤ ሰው ሥራችንን ይስማ።› ቢሮው ውስጥ ያለው የአሥራ ሰባቱ ሙከራ ካርቶን ባዶ ነው። የቴፑን ጥቅል አሁን ከጊታርዎ ሳጥን ሽፋን ውስጥ አውጥተነዋል።»

መብረቅ የተባለው ሰው ቁጭ አለ።

«ልገድለው አልሄድኩም» አለ። «ቴፑን ልወስድ ነበር። ደረጃው ላይ ደረሰብኝ። ‹መልስ፤ የኔም ሥራ ነው› አለኝ፤ ያዘኝ፤ ገፋሁት።»

«ከዚያስ ግማሽ ሰዓት ኖሯል። ለምን ሰው አልተጣራም?»

ፊቱን ከእህቱ አዞረ።

«ቢተርፍ ይናገራል። ብጣራም ‹ክፍልህ ውስጥ ስትጫወት አልነበር?› ይሉኛል። ተመልሼ በሩን ዘጋሁ። ድምፅ የማያስገባ በር ነው።»

እህቱ «ወንድም ጋሼ» አለች። «ለዚህ ነው? እኔኮ አውቅ ነበር። አንድም ቀን አላነሣሁብህም።»

«ምላጩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ» አለ ከበሮ መቺው። «ጋሽ ሽቦ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀጥለው አጠገቡ ቁጭ ብዬ። በጠዋት ተቃቅፈን አለቀስን፣ አማረልን ብለን። አንተ ተኝተህ ነበር።»

ጊታሪስቱ ማንንም ሳያይ ተነሣ፤ ወሰዱት።

መርማሪዋ ተጠግታ ካቴናውን ፈታችለት። «በድዬዎታለሁ» አለች። «መዝገቡን ሳላይ፣ ሰው ሳልጠይቅ...»

«ለኔ ተይው» አለ ከበሮ መቺው የእጁን አንጓ እያሸ። «ገበያ ስትወጣ ‹የገዳዩ ሚስት› የተባለችው እሷ ናት። በር ላይ አለች። ሰው ሁሉ እየሰማ ንገሪያት።»

በሩ ላይ ጋዜጠኞችም፣ ጎረቤትም ቆሟል። መርማሪዋ ኮፍያዋን አወለቀች፤ ሴትየዋ ፊት ቆመችና ከኋላ ያለውም እንዲሰማ ጮክ ብላ ይቅርታዋን ጀመረች።