ማታር ላይ የተመለሰች ጉርሻ

የጉብኝቱን ፕሮግራም ታይፕ ያደረገችው ራሷ እሙዬ ነበረች። «ጓዶች በሞተር ጀልባ ማታር ይደርሳሉ፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት በአስጎብኚ እየተመሩ የእግር ጉብኝት ያደርጋሉ፤ ምሳ ይበላሉ፤ ይመለሳሉ።» በሦስት ካርቦን ስትመታው አንድ ፊደል አልሳተችም። ጣጣዋ ሁሉ «ምሳ ይበላሉ» ከምትለው ላይ እንደሚመጣ ግን ማን ይንገራት?

ዓመቱ 1973 ነው፤ መስከረም። ባሮ ሞልቶ ጀልባ የሚሸከምበት ወር። እሙዬ የጎሬ ልጅ ናት፤ ታይፒስት ሆና ጋምቤላ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። እናቷ ወይዘሮ አልማዜ በየወሩ ደብዳቤ ያስጽፋሉ። «ልጄ፣ ያ ሐሩር ምን አድርጎልሽ ነው? ዝውውር ጠይቂና ነይ፤ እዚሁ ደህና ባል አይጠፋም። የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ!» እሷም «እሺ እማዬ» ብላ ትመልስና ነገሩን ትተወዋለች። አለቃዋ አቶ ዘገየ የመሠረተ ትምህርት ጣቢያዎችን ለማየት ሲነሡ፣ «አንቺም ተነሽ፤ ፊደል ስትደበድቢ አገሩን ሳታዪው ልታረጂ ነው» ብለው ይዘዋት ወረዱ።

ኢታንግ አድረው በማግስቱ ማታር ሲደርሱ፣ የጀልባዋ ነጂ ኢብራሂም ገና ገመዱን ሳያስር ጮኸ። «የምቆመው ለሦስት ሰዓት ብቻ ብያለሁ፣ ለሦስት ሰዓት ነው! ጡሩምባ ሲነፋ ያልመጣ እዚሁ ይኖራታል። ባሮ ሰው አይጠብቅም!»

ዳር ላይ አንድ ረጅም ወጣት ቆሞ ነበር። ካኪ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎታል። ጋች ይባላል፤ ጋምቤላ ተምሮ የተመለሰ፣ የጣቢያው አስተማሪ፣ ለዛሬ ደግሞ አስጎብኚ ተብሎ የተመደበ ነው።

«ጓዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ ጠንቀቅ ብሎ። «ሦስት ነገር አሳያችኋለሁ። ገበያ፣ የከብት ቤት፣ ትምህርት ቤት። አራተኛም ነገር አለ፤ አዞ። እሱን ግን ባላሳያችሁ ይሻላል።»

እሙዬ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ አንድ እግሯ ጭቃ ውስጥ ገባ። ባለ ተረከዝ ነጭ ጫማ ነበር ያደረገችው፤ ለባሮ ዳር ጉብኝት! ሴት ልጅ ስታምር ምክር አትሰማም።

ከፊት የነበረው ጋች ተመልሶ መጣ። በረባሶውን አወለቀና ከእግሯ ሥር አኖረላት። የእሷን ነጭ ጫማ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ በባዶ እግሩ ወደፊት ቀጠለ። በረባሶው ለእሷ እግር እንደ ጀልባ ሰፊ ነበር። ሰዉ ሁሉ አስጎብኚውን ሲከተል፣ አስጎብኚው ደግሞ በየአሥር እርምጃው እሷን ለማየት ዞር ይል ነበር።

ገበያው ላይ ከወንዙ ማዶ የመጣ ጨርቅና የደረቀ ዓሣ አሳያቸው። ከብት ቤቱ ውስጥ ሲገቡ ወደ አንድ ቡሬ በሬ ጠጋ ብሎ አንገቱን አከከው።

«ይህ የእኔ ነው፤ አባቴ ሰጠኝ። ጓደኞቼ በእሱ ስም ይጠሩኛል።»

«በበሬ ስም?» አለች እሙዬ። «እኛ አገር በበሬ ይታረሳል እንጂ በሬ ስም አያበድርም።»

«የእናንተ በሬ ምስኪን ነው» አላት። «ይሠራል፤ ግን ማንም አይዘፍንለትም።»

«አንተ ትዘፍንለታለህ?»

«ማታ ማታ።»

«እስቲ አሁን!»

ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ከዚያ በጣም ዝቅ አድርጎ፣ ለበሬውና ለእሷ ብቻ እንዲሰማ፣ ዘፈነ። ቃሉ አልገባትም። ሲጨርስ ግን እሷም እንደ እሱ የበሬውን አንገት አከከች። አቶ ዘገየ ከውጭ «ኧረ ጓድ አስጎብኚ፣ ጉብኝቱ ለአንድ ሰው ነው እንዴ?» ብለው ሲጠሩ ሁለቱም ደነገጡ።

ምሳ ከሾላው ጥላ ሥር ሆነ። እሙዬ አገልግሏን ፈታች፤ ድርቆሽ በቋንጣ፣ ለመንገድ የሚሆን። ሁሉም ከበበ። ጋች ብቻ ራቅ ብሎ ቆመ። ያንን በባዶ እግሩ ጭቃ ሲረግጥ የዋለ ሰው እያየች እንዴት ይዋጥላት? ጠቅልላ ጠቅልላ፣ ደህና አድርጋ አዘጋጀችና ተነሥታ ሄደች።

«ጓድ ጋች፣ በሞቴ! አፈር ስሆን!»

ጋች ክው አለ። ጉርሻዋን አየ፤ እሷን አየ፤ በአፉ ላይ እጁን ጫነ። ከዚያ ዞረና ሄዶ ከዛፉ ጀርባ ቆመ። እሙዬ እጇ እንደተዘረጋ ቀረች።

«ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባል ነበር» አሉ አቶ ዘገየ፣ ነገሩን ለማቅለል። «ይኸኛው ግን ገና ሳይጎርስ ተጨነቀ።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እሙዬ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጡሩምባው ሲነፋ ጋች ወደ ጀልባዋ መጣ። ነጩን ጫማ ከነሶሉ አጥቦ አዲስ አስመስሎት ነበር። ተቀበለችው፤ በረባሶውን መለሰችለት፤ ቀና ብላ ግን አላየችውም።

ጋምቤላ በገቡ በሦስተኛው ቀን የዝውውር ማመልከቻዋን ጻፈች። «ወደ ጎሬ እንድዛወር በትሕትና እጠይቃለሁ።» የታይፕ ፊደሎቹ ወረቀቱን ሊበሱት ምንም አልቀራቸውም።

ከሳምንት በኋላ፣ መዝገብ ቤት የምትሠራው ልድያ ወሬውን አወጣጣቻት። ልድያ የማታር ልጅ ናት፤ ቀልድ ትወዳለች። እሙዬ የጉርሻውን ነገር ስትነግራት ወንበሩን ይዛ እስክታነባ ሳቀች።

«ይሄ ያስቃል? ናቀኝ እኮ ነው የምልሽ! እጄን ተጸየፈው!»

«ወይኔ እሙዬ! እኛ ዘንድ ወጣት ወንድ ሊያገባት በሚችላት ሴት ፊት አይበላም፤ ነውር ነው። በእናቱ ፊት ይበላል፤ በእህቱ ፊት ይበላል። ዘመድ ናቸዋ!»

«እና እኔ ፊት?»

«አንቺ ፊት በልቶ ዘመድ ልትሆኚበት ነው?»

እሙዬ ፊቷ ቀላ። «ቆይ፤ ይሄ ለሁሉም ሴት ነው ወይስ ለእኔ?»

«ለሁሉም ነው» አለች ልድያ ሳትዋሽ። «ማንኛዋም ብታጎርሰው ይሸሻል። የሁሉንም ጫማ ግን አጥቦ አይመልስም።»

እሙዬ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ በሩጫ አለቃዋ ቢሮ ገባች። «ጋሼ ዘገየ፣ ያ ማመልከቻ ሄደ?»

«ፈርሜበታለሁ። ወደ ዋናው ቢሮ የሚሄደው የመቱው መኪና ሐሙስ ይወስደዋል።»

«አይሂድ!»

አቶ ዘገየ መነጽራቸውን አውልቀው ቀስ ብለው አዩአት። ሞኝ ሰው አይደሉም። «ጥቅምት መጨረሻ ላይ የመጨረሻዋ ጀልባ ማታር ትወርዳለች። ከዚያ በኋላ ውሃው ይጎድላል፤ እስከ ክረምት ጀልባ የለም። ይህ ወረቀት እስከዚያ ኪሴ ውስጥ ይቆያል። ስንመለስ ወይ ይሄዳል ወይ ትቀጂዋለሽ። ከዚያ ወዲያ ግን እኔም አለቃ አለብኝ።»

የተጓዦችን ስም ዝርዝር ስትመታ የራሷን ስም አንደኛ ላይ ጻፈችው፤ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ጥቅምት ሃያ ስድስት ቀን፣ ጠዋት አራት ሰዓት። በዚህ ጊዜ ያደረገችው ሸራ ጫማ ነው። ጋች ዳር ላይ ቆሞ ነበር፤ ያው ካኪ፣ ያው የተቆለፈ አንገት። ሲያያት ንግግሩ ጠፋበት። «ጓዶች፣ እንኳን... ሦስት ነገር... ያው ያንኑ ነው» አለ።

በመንገድ ሁሉ እየቸኮለ ከፊት ከፊት ሄደ። እሷ ግን ደስ ብሏት ነበር። ምሳ ሲደርስ አላጎርሰውም፤ ከዛፉ ጀርባ ይሂድና ይቁም፤ ያኔ ሄጄ «ገብቶኛል» እለዋለሁ ብላ ቆርጣለች። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያንን ቃል ስትለማመድ ከርማለች።

ከሾላው ሥር አገልግሉ ተፈታ። ጋች ግን ወደ ዛፉ ጀርባ አልሄደም። መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። እጁን ታጠበ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ዛሬ እበላለሁ» አለ ሁሉም እንዲሰማ። ቆረሰና በላ። ደገመ። ሠለሰ። እያንዳንዷን ጉርሻ እንደ መድኃኒት እየዋጠ፣ ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል።

ሰዉ አጨበጨበ። «ጎበዝ! ለመደ!» አሉ አቶ ዘገየ።

እሙዬ የልድያ ቃል ትዝ አላት። በእህቱ ፊት ይበላል። ይኸው በላ። በሰው ሁሉ ፊት፣ በግልጽ፣ «አንቺ ለእኔ እህት ነሽ፤ ሌላ ነገር አታስቢ» አላት። እንባዋ ሳይቀድማት ተነሣች።

«ይስማማህ፣ ወንድሜ» አለችው። ክዳኑን እንኳ ሳትመልስ ወደ ጀልባዋ ሄደች።

አቶ ዘገየ ተከትለዋት ሲደርሱ ከእንጨት መቀመጫው ላይ ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ አገኟት። «ጋሼ፣ ወረቀቱ ይሂድ» አለች። ኢብራሂምም ጡሩምባውን ነፋ።

ጋች ሲሮጥ መጣ። ውሃው ጉልበቱ እስኪደርስ ገብቶ የጀልባዋን ጠርዝ ያዘ።

«እሙዬ! ምን አጠፋሁ?» ጓድ ማለቱን ያን ቀን ተወው።

«በላህ!»

«አዎ፣ በላሁ! አንቺ እንድትደሰቺ! ጣቢያው ላይ አብሮኝ የሚያስተምረው ረታ ያንቺ አገር ሰው ነው። ‹ጉርሻ የመለሰ ሰው ሰውን ንቋል፤ ያቺ ልጅ እያለቀሰች ነው የሄደችው› አለኝ። እኔ አንቺን መናቅ? ስድስት ሳምንት ተለማመድኩ። በየቀኑ በረታ ሚስት ፊት ቁጭ ብዬ ዳቦ እበላለሁ። የመጀመሪያ ቀን ትን አለኝ። እናቴ አየችኝ፤ ሦስት ቀን አላናገረችኝም!»

እሙዬ አፏን ከፍታ አየችው። «እኔ ደግሞ ልድያ ነገረችኝ። ወንድ በእህቱ ፊት ይበላል አለችኝ።»

እሷ የእሱን አገር ወግ ተምራ መጣች፤ እሱ የእሷን ተምሮ ጠበቃት፤ መንገድ ላይ ተላለፉ። መጀመሪያ የገባው ለእሱ ነው መሰለኝ፣ ሳቅ እየመጣ ሲተናነቀው ይታይ ነበር።

«እህቴ አይደለሽም!» አለ፤ ድምፁ ገበያው ድረስ ተሰማ። «እህቴ ብትሆኚ ለምን ላብ በላብ እሆናለሁ? እወድሻለሁ እኮ ነው የምልሽ!»

«ባሮ ሰው አይጠብቅም!» ጮኸ ኢብራሂም።

«አንተ ደግሞ ትንሽ ጠብቅ!» አሉት አቶ ዘገየ ተቆጥተው። ከኪሳቸው ወረቀቱን አውጥተው ለእሙዬ ሰጧት። አላነበበችውም፤ አራት ቦታ ቀደደችው።

«ውሃው ሊጎድል ነው» አለችው ለጋች። «እስከ ክረምት ጀልባ የለም።»

«እግር አለኝ» አላት።

እግርማ ነበረው! ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ በረባሶውን አንጠልጥሎ በእግሩ ጋምቤላ ገባ። ከዚያም በመኪና፣ እሙዬ ቀድማ ወደ ደረሰችበት ጎሬ፣ ከሽማግሌዎች ጋር ሄደ። ወይዘሮ አልማዜ «የአገሩን ሰርዶ» ብለው ሲጀምሩ እንግዳው አቀርቅሮ አዳመጣቸው። ምግብ ሲቀርብ ግን ንክች አላደረገም፤ ቀኑን ሙሉ። ወይዘሮ አልማዜ በንዴት ጓዳ ገቡ።

«ቤቴን ንቆ ነው!»

«እማዬ» አለች እሙዬ፣ «እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር የተሳሳትኩት። እነሱ ዘንድ ሰው አማቱ ፊት አይበላም። አልበላም ማለት አማቴ ልትሆኚ ነው ማለት ነው።»

«ከጠዋት ጀምሮ?» አሉ ወይዘሮ አልማዜ። «ባዶ ሆዱን? ለእኔ ብሎ?» አንጀታቸውን በላው። ሳህን ሞልተው ከሽማግሌዎቹ ጋር ሌላ ክፍል እንዲያስገቡት አዘዙ፤ በሩንም ራሳቸው ዘጉት።

ሠርጉ ጥር ላይ ጋምቤላ ሆነ። ከማታር የጋች እናትና ዘመዶቹ መጡ፤ ከጎሬ ወይዘሮ አልማዜ። ሙሽሮቹ ፊት ማዕድ ቀረበ። የጎሬ ሰዎች «ይጎራረሱ! ይጎራረሱ!» እያሉ አጨበጨቡ። እሙዬ ጠቅልላ እጇን ዘረጋች። ጋች የማታር ዘመዶቹን አየ፤ አማቱን አየ፤ ላብ አጠመቀው። ጭብጨባው ቆመ። ጉርሻዋ እንደገና አየር ላይ ቀረች።

ያኔ ወይዘሮ አልማዜ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ።

«ምን ታፈጣላችሁ? ልጄ ያፍራል! ዙሩ!»

መጀመሪያ ራሳቸው ዞሩ። የጋች እናት ምን እንደተባለ ሳይተረጎምላቸው ገብቷቸው፣ ፈገግ ብለው ጀርባቸውን ሰጡ። አቶ ዘገየ ዞሩ፤ ልድያ ዞረች፤ ረታና ሚስቱ ዞሩ፤ ከበሮ መቺው እንኳ ሳይቀር ከነከበሮው ዞረ። ድንኳን ሙሉ ሰው ወደ ሸራው ዞሮ ቆመ።

ከበስተኋላቸው የሙሽራው ድምፅ፣ አፉ እንደሞላ፣ መጣ።

«እሙዬ፣ በቃኝ።»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለችው። «ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ድገም።»