በተራው የተቀመጠው የምሕረት አቤቱታ

መጋቢት ፳፯ ቀን ፲፱፻፵ ዓ.ም.፣ ሰኞ፤ በርማ ከእንግሊዝ ቀንበር ከወጣች ሦስት ወሯ ነበር። በኢራዋዲ ወንዝ አፍ፣ ከጭቃና ከሩዝ ማሳ መካከል፣ የፓውጃን አውራጃ ጽሕፈት ቤት እንደ ድሮው ቆሟል፤ ባንዲራው ተለውጧል፤ የንጉሡ ሥዕልም ከግድግዳው ወርዶ ቦታው ነጥቶ ቀርቷል፤ የሥራው ወግ ግን ያው የእንግሊዙ ነው። የዚህ ወግ ጠባቂ ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ወንበር ላይ የተቀመጡት ዋና ጸሐፊው ኡ ሳን ኙን ነበሩ፤ «ኡ» በዚያ አገር «አቶ» እንደ ማለት ነው።

ኡ ሳን ኙን እጃቸው ንጹሕ ነው። ሰው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ ቢያሽሟጥጣቸውም፣ ከባለጉዳይ አንዲት ዓሣ ተቀብለው አያውቁም። አዲሱ የአውራጃው ገዢ ኡ ፖ ጨይን ሹመታቸውን የተቀበሉ ዕለት ሠራተኛውን ሰብስበው፣ ነጮቹ ሲወጡ «ዘመድ ከዘመዱ የሚሿሿምበት መንግሥት ታቆማላችሁ» ብለው እንደ ሳቁብን አንርሳ፤ ከእንግዲህ በዚህ ቤት የዘመድ ወረቀት ከሌላው ሰው ወረቀት አይቀድምም ሲሉ፣ ዋና ጸሐፊው ዓይናቸው ዕንባ አቀረረ። ቃሉንም እንደ መሐላ ያዙት።

የቢሮው ሥርዓት እንዲህ ነበር፤ ማናቸውም አቤቱታ በገባበት ተራ በገዢው ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፤ የሰው ነፍስ ያለበት ጉዳይ ሲሆን ግን ዋና ጸሐፊው በገዛ እጃቸው ቀይ ወረቀት ያስሩበታል፤ ቀይ የታሰረበትም በዚያው ቀን ይነበባል። ኡ ሳን ኙን ለሽፍታውም፣ ለዓሣ አጥማጁም፣ መልኩን አይተው ለማያውቁት ሁሉ አስረዋል። ለማን እንዳሰሩ እንኳ አያስታውሱም።

በዚያ ሰኞ ታናሽ እህታቸው ህላ ኪን አቤቱታ ይዛ መጣች። የሃያ ሁለት ዓመት ልጇ ታ ዱን በጀልባ እሽቅድድም ላይ በተነሣ ጠብ አንድ ሰው በመቅዘፊያ መትቶ ገድሎ፣ ስቅላት ተፈርዶበት፣ ይግባኙም ወድቆ፣ ቀኑ ለማክሰኞ ሚያዝያ ፲፪ ተቆርጦ ነበር። የቀረው ምሕረት ብቻ ነው፤ ገዢው አቤቱታውን አንብበው ወደ ዋናው ከተማ በቴሌግራም ካስተላለፉ፣ ውሳኔ እስኪመጣ ገመዱ ይቆያል። በወረቀቱ ላይ የሟቹ አባት ሳይቀር «ይማር» ብሎ አውራ ጣቱን አትሟል።

«ጋሼ፣» አለች፣ «የማታደርገውን አድርግልኝ አልልህም። ለሌላው ሰው የምታደርገውን አድርግለት።»

«በተራው ይቀርባል» አሏት።

እሷም ይህን እንደ ተስፋ ቃል ቆጥራ፣ እግራቸው ሥር ሰግዳ ሄደች። ኡ ሳን ኙን ቀዩን ወረቀት ከመሳቢያ አወጡ፤ እጃቸው ላይ ትንሽ አቆዩት፤ መልሰውም አስገቡት። የእህቴን ልጅ ወረቀት በእጄ ላስቀድም? አሉ በልባቸው። አቤቱታው ከሠላሳ ዘጠኝ ወረቀት በታች አርባኛ ሆኖ ተቀመጠ።

የሥራ ባልደረባቸው ኡ ቱን ኦ አይተው፣ ቀዩን ረስተዋል ቢሏቸው፣ አልረሳሁም፣ የሥጋ ዘመዴ ስለሆነ ነው አሉ። እንግዲያው እኔ ልሰር ቢሏቸው ተቆጡ። ሞኝነት ነው እንጂ ክፋትስ አልነበረባቸውም፤ አስልተውታል። በአዲሱ ዓመት የውኃ በዓል ቢሮው ከመዘጋቱ በፊት ገዢው ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ይደርሳሉ፤ ከበዓሉ መልስ ሰኞ ዕለት አርባኛው ይነበባል፤ ገና አንድ ቀን ይተርፋል።

በበዓሉ ሰው ሁሉ ውኃ እየተራጨ ሲስቅ፣ ኡ ሳን ኙን የአገሩን ምግብ፣ በዘይት የተለወሰ የሻይ ቅጠል፣ ይዘው ወደ ወህኒ ቤቱ ሄዱ። ታ ዱን ከስቷል፤ ግን ደኅና ይበላል። አጎቴ እዚያ ቢሮ ካሉልኝ እኔ ምን አስፈራኝ አላቸው። ሲወጡ ሰኞ ቅርብ ነው ብለው ራሳቸውን አጽናኑ።

ሰኞ መጣ፤ ገዢው ግን አልመጡም፤ ያለ እሳቸው ፊርማ ደግሞ ቴሌግራሙ አይሄድም። በዚያ ሰሞን አገሩን ያመሰው ዓመፅ ፓውጃንም ደርሶ፣ ታጣቂዎች አንድ የፖሊስ ጣቢያ ስለ ያዙ ገዢው ጎሕ ሳይቀድ በጀልባ ወጥተው ነበር። የተመለሱት ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ጫማቸው ጭቃ እንደ ለበሰ ነው። ተራውን ጠብቀው አነበቡ፤ አርባኛው ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ።

«ይህ እኮ የሞት ፍርድ ነው፤ ቀጠሮውም ዛሬ ጠዋት ነበር። ቀዩ ወረቀት የታለ?»

«የእህቴ ልጅ ነው፣ ጌታዬ።»

ገዢው ብዕራቸውን አነሡ። «ኡ ሳን ኙን፣ ዘመድ ከሰው አይቅደም አልኩ እንጂ ከሰው ይነስ አላልኩም» አሉና ቴሌግራሙን ጻፉ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ታ ዱን ገና ሲነጋ ተሰቅሎ ነበር።

አመሻሹ ላይ ዋና ጸሐፊው ወደ እህታቸው ቤት ሄዱ። አስከሬኑ በምንጣፍ ተጠቅልሎ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ህላ ኪን የልጇን እግር ይዛ ተቀምጣለች። የቀዩን ወረቀት ነገር ሰምታለች፤ ግን አልጮኸችባቸውም።

«ጋሼ፣ የማታውቀው ሰው ልጅ ቢሆን ቀዩን ታስርለት ነበር?»

«በዚያው ቀን።»

«እንግዲህ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ያንተ እህት ሆኜ።»

ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞቷ አላነጋገረቻቸውም። በየዓመቱ በአዲሱ ዓመት ደጇ ላይ ይቆሙ ነበር፤ በሩ አይከፈትም።

የታሪክ መጻሕፍት ስለዚያ ሚያዝያ ሲጽፉ ስለ ዓመፁ፣ ስለ ተቆረጠው የባቡር ሐዲድ ይጽፋሉ፤ ታ ዱን የሚባል ቀዛፊ በአንዳቸውም የለም። የኡ ሳን ኙን የአገልግሎት መዝገብ ግን ተጠብቆ ኖሯል፤ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ጡረታ ሲወጡ፣ በሠላሳ ሰባት ዓመት አገልግሎታቸው አንድም ቀን ለዘመድ አላደሉም የሚል ቃል ተጽፎበት፣ በአዳራሽ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት ተነበበ። ቃሉ እውነት ነው፤ ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። ሽማግሌው ያን ሲሰሙ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ ሕዝቡም የደስታ ዕንባ መስሎት ቆሞ አጨበጨበላቸው።