እርጥቡ ጋዋን

ሽማግሌው ሐኪም በናይትሮጅን ክፍሉ ወለል ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ምሳ በልቶ ጋደም ያለ ሰው ይመስላሉ። መርማሪው ጎንበስ ብሎ አያቸውና እጁን ጨጓራው ላይ አድርጎ ቀና አለ። ባልደረቦቹ «አዛጊው» ይሉታል፤ ዛሬ ግን ማዛጋቱም ታክቶታል። ታላቅ ወንድሙን የጨጓራ ካንሰር ከነጠቀው ወዲህ ሆዱን ባመመው ቁጥር ተራው የደረሰ ይመስለዋል።

እዚህ ቤተ ሙከራ የሚመረመረውም ያው በሽታ ነው። ቫይረስ በጨጓራ ካንሰር ውስጥ እጁ አለበት ወይ? ከሕሙማን የወጣው ዕጢ በሰም ተጠቅልሎ ይደርቃል፣ በምላጭ ስስ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ከዚያ ቫይረሱ ይፈለግበታል።

«የገደልኳቸው እኔ ነኝ» አለች ዕጢ ቆራጯ፣ ማንም ሳይጠይቃት። የለበሰችው ጋዋን በቀኝ ትከሻዋ በኩል ተንጋዷል።

«ቀስ በይ እህቴ። ምን አደረግሽ?»

«በሩን ዘጋሁባቸው። ናሙና የምናቀዘቅዝበት ፈሳሽ ናይትሮጅን ሲቀዳ አየር ያሳጣል፤ በሩ ክፍት መሆን አለበት። የውስጡ እጀታ ደግሞ ተሰብሯል። ስለዚህ የገባ ሰው ጋዋኑን የውጭው እጀታ ላይ ይሰቅላል፤ ጋዋን ካየን በሩን አንነካም። ምሳ ልወጣ ስል እጀታው ላይ ምንም አልነበረም። የጋሼ ጋዋን እዚያ ዝቅተኛው መስቀያ ላይ ነው። ወጥተዋል ብዬ እንደ ሁልጊዜዬ ዘጋሁት። ውሰዱኝ በቃ፤ ልጆቼን ብቻ…»

«ረስተውት ይሆናላ» አለ ዶክትሬቱን የሚሠራው ተማሪ። «አርጅተው ነበር እኮ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሲፈልጉት ይውላሉ።»

መርማሪው ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለውን ጋዋን ዳሰሰ። ጀርባው እርጥብ ነው። ከበላዩ ያለው መስቀያ ባዶ ነው።

«ዛሬ የታጠበ ነው እንዴ?»

«ኧረ ደረቁን ተኩሼ ያለበስኩት እኔ ነኝ» አሉ ተጠርተው የመጡት የሟች ባለቤት፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ። በየጠዋቱ ባላቸውን በመኪና የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው።

«የባልዎ መስቀያ የትኛው ነው እትዬ?»

«ዝቅተኛው ነበር። ይቺ ልጅ ያንን የዕጢ መቁረጫ ማሽን ስታሽከረክር ትከሻዋ አለቀ። ዛሬ ጠዋት ጋዋኗን ለመስቀል ስትንጠራራ አየኋትና ‹አንተ ሰውዬ፣ ልቀቅላት እንጂ!› አልኩት። እያጉረመረመ መስቀያውን ለወጠላት።»

«አንተስ ወንድሜ፣ ጠዋት ነበርክ?»

«ጥርሴን ላስነቅል ሄጄ አርፍጃለሁ።»

«ሰሞኑን ያስከፋቸው ነገር ነበር እትዬ?»

«ትናንት እራት እንቢ አለኝ። ‹ዕጢ የሌለበት ባዶ ሰም ላይም ቫይረስ ወጣ። ልጁ ሁሉንም በአንድ ምላጭ ነው የቆረጠው፤ ቫይረሱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያጋባው ምላጩ ነው። ነገ ነግሬው የዶክትሬት ጽሑፉን አስቆማለሁ› አለኝ።»

ተማሪው ወደ መስኮቱ ዞረ። መርማሪው ሦስቱንም ኮሪደሩ ላይ አስቀመጣቸውና ራሱ ግድግዳውን ተደገፈ።

«እሳቸው አልረሱም። ናይትሮጅን ሲቀዳ ቀዝቃዛ ጉም በበሩ ይወጣል፤ የጋዋኑን ጀርባ ያረጠበው እሱ ነው። ስለዚህ ጋዋኑ እጀታው ላይ ነበር፤ ሌላ ሰው አነሳው። ያነሳው ሰው የሳቸው መስቀያ መስሎት ዝቅተኛው ላይ ሰቀለው። እትዬ መለዋወጣቸውን ያውቃሉ። ቆራጯም ታውቃለች። የማያውቀው ያረፈደው ብቻ ነው። እሷ ምሳ ስትወጣ በሩን እንደምትዘጋ ግን አንተ በደንብ ታውቃለህ። በሩን በእሷ እጅ ነው የዘጋኸው።»

«ትከሻዬን አመመኝ ስትል ራሴው ቆረጥኩ» አለ ተማሪው ድምፁ ወርዶ። «ምላጩን መቀየር… ደክሞኝ ነበር። ከዚያ ቫይረሱ ሁሉም ላይ ወጣ። ሁሉም ላይ! እናቴ በዚሁ በሽታ ተኝታለች። ምንጩን አገኘሁልሽ ብያታለሁ። ጋሼን ለምኛቸው ነበር፤ ‹አንተው ንገራት› አሉኝ።»

መግቢያው ላይ የቆሙት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

«እውነት ቫይረሱ ምንም የለበትም?» አለ መርማሪው፣ እጁ ሆዱ ላይ እንዳለ።

«ጥቂቶቹ ላይ አለ ይል ነበር» አሉ የሟች ባለቤት። «የማን ላይ እንዳለ በትክክል ማወቅ ነበር የሚፈልገው። አንተ ግን ሆድህን ይዘህ ከምትዞር ሄደህ ታይ።»

ቆራጯ የጋሼን ጋዋን ከዝቅተኛው መስቀያ አነሳች። ወደ ላይኛው ልትሰቅለው ሞከረች፤ ክንዷ እንቢ አላት። አሮጊቷ ተነሥተው ከእጇ ተቀበሏትና በእግራቸው ጣት ቆመው ሰቀሉት።

«የሱ ይሄኛው ነው» አሉ።