የሱሀይላ የሞት ማስረጃ

ክንፈ በመዝገብ ቤቱ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ራሱ ከኋላ ተፈንክቷል፤ አጠገቡ የእንጨት መሰላል ወድቋል። መካነ ሰላም ላይ የልደትና የሞት ወረቀት የሚያልፈው በእሱ እጅ ነበር፤ በሃያ ዓመት አገልግሎቱ አንድ ሐሰት አልፈረመም ይባልለታል።

ጊዜው መጋቢት 2002 ነው። የበልጉ ዝናብ ከትናንት ቀትር ጀምሮ ሲያወርደው አድሮ ከተማው በጥቁር ጭቃ ተለውሷል።

«ፋይል ሊያወርድ ወጥቶ ወደቀ፤ በቃ» አለ የከተማው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ቢሻው። «አስከሬኑ ለቤተሰቡ ይሰጥ። ከላይም ተደውሏል፤ ነገሩ እንዲረዝም አይፈለግም።»

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ብርሀንነሽ ጎንበስ ብላ መጀመሪያ የሟቹን ጫማ፣ ቀጥላም የመሰላሉን መርገጫዎች አንድ በአንድ አየች። ጫማው በጭቃ ተለስኗል። መርገጫዎቹ ላይ ግን አቧራ እንጂ የጭቃ ጠብታ የለም።

«ከላይ የደወለው ሰው ይህን መሰላል አይቶታል?» አለች።

«ብርሀንነሽ፣ ይሄ እልኽሽ ዝውውር ያመጣብሻል።»

«ያምጣ። ኩታበርም ሰው ይኖራል።»

ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው ሱሀይላ ላይ ነበር። ሱሀይላ ሁለት ዓመት ጅዳ በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰችው ባለፈው ሳምንት ነው። ስትሄድ ትንሿን ልጇን አሚራን ለእናቷ ትታ ነበር። ስትመለስ እናቷ ሞተዋል። አሚራን ደግሞ የአንድ ጉዲፈቻ ድርጅት ወኪል የሆነው አለምነው «እናቷም ሞታለች፣ ዘመድ የላትም» ብሎ አዲስ አበባ ወስዷታል። ባሕር ማዶ የሚወስዳት ቤተሰብ ተገኝቶ፣ ፍርድ ቤቱ ለሐሙስ ቀጥሯል። ትናንት ጠዋት ሱሀይላ በመዝገብ ቤቱ ደጃፍ ስትጮህ ያልሰማ አልነበረም።

ለምርመራ ስትጠራ አልተሽቆጠቆጠችም።

«ክንፈን ዝተሽበታል?» አለቻት ብርሀንነሽ።

«ወላሂ ዝቻለሁ! ‹ልጄን ካላመጣችሁ እዚሁ ደም ይፈሳል› ብያለሁ፤ አልክድም። እሱ ግን አስቀመጠኝ፤ ውሃ ሰጠኝ። ‹እኅቴ፣ አንቺን ሞታለች የሚል ወረቀት ከእጄ አልወጣም። ነገ ለፍርድ ቤቱ እጽፍልሻለሁ› አለኝ። እሱን ገድዬ ማን ሊጽፍልኝ ነው? ከፈለግሽ እሰሪኝ፤ ብቻ ሐሙስ ሳይደርስ የልጄን መሄድ አስቁሚልኝ።»

«አብሽሪ» አለቻት ብርሀንነሽ።

አስከሬኑን ያገኙት የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ በዛች ነበሩ።

«በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው፣ እትዬ?»

«አሥራ አንድ ተኩል ላይ፣ የኔ ልጅ። የማኅተም ቀለም አልቆ ሱቅ ላከኝ። ሁልጊዜ የምንጠቀምበት ወይን ጠጁ ጠፍቶ ሰማያዊ ይዤ መጣሁ። ‹ይሁን፣ ነገ እንከፍተዋለን› ብሎ እንደታሸገ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።»

ብርሀንነሽ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ሰማያዊው ቀለም ተከፍቷል።

አለምነው ጥቁር ቦርሳውን ይዞ ሳይጠራ መጣ።

«ለክንፈ አዝኛለሁ። ግን ያቺ ሴት አታላይ ናት፤ ሱሀይላ ሞታለች። ይኸው ማስረጃው!» ብሎ ታኅሣሥ 8 ቀን የተጻፈ፣ የክንፈ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አወጣ።

«መቼ ተቀበልከው?»

«በዚያው ቀን፣ ከክንፈ እጅ። ከዚያ ወዲህ ከቦርሳዬ ወጥቶ አያውቅም።»

«ትናንትስ እዚህ መጥተህ ነበር?»

«ደጁን ከረገጥኩ ሳምንት አለፈኝ።»

«ቃልህን ፈርምልኝ።»

ፈረመ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብርሀንነሽ አራቱንም መዝገብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች።

«ክንፈ ከመሰላል አልወደቀም» አለች። «በዚያ ጫማ ወጥቶ ቢሆን መርገጫዎቹ ይጨቀዩ ነበር። መሰላሉን ሌላ ሰው ነው ያጋደመው። ለምን? ይህን ወረቀት እዩት። ቀኑ ታኅሣሥ ነው፤ የማኅተሙ ቀለም ግን ሰማያዊ። መዝገቡን ገልጬ አይቻለሁ፤ ከትናንት በፊት እዚህ ቢሮ የተመታው ማኅተም ሁሉ ወይን ጠጅ ነው። ሰማያዊው እዚህ የገባው ትናንት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው፤ እሱም ታሽጎ። ክንፈ ደግሞ ትናንት ጠዋት ያነጋገራትን ሴት ሞታለች ብሎ አያትምም። ስለዚህ ይህ ማኅተም የተመታው ከዚያ በኋላ፣ ክንፈ ከሞተ ወዲህ ነው።»

ቢሻው ተቁነጠነጠ።

«ኃላፊው እስከ ማታ ሦስት ሰዓት አርባ ሰው ፊት ስብሰባ ላይ ነበር። ሱሀይላ የራሷን ሞት በማኅተም አታጸድቅም። እትዬ በዛች ማንበብም አይችሉም።»

«ሌላ ሰው መትቶት ይሆናላ!» አለ አለምነው።

«ሌላ ሰው ትናንት ማታ የመታውን ወረቀት፣ አንተ ከታኅሣሥ ጀምሮ በቦርሳህ እንዴት ተሸከምከው?»

አለምነው ፊቱ አመድ መሰለ። «ልጅቷ የምትሄደው ወደ ደህና ኑሮ ነው! ይቺ ምን አላት? ፈርም ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። ገፋሁት… ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ፊርማውን ራሴ አስመስዬ ፈረምኩ።»

ሱሀይላ ብድግ አለች። «ድኻ ነኝ እንጂ ሙት አይደለሁም!»

አለምነው በካቴና ሲወጣ ቢሻው ወደ መርማሪዋ ጠጋ አለ። «ዞን ሳይፈቅድ አዲስ አበባ እንዳትደውይ።»

ብርሀንነሽ የእሱኑ ስልክ አንስታ፣ እሱ እየሰማ ፍርድ ቤቱ ጋ ደወለች። ሐሙስ ዕለት የጉዲፈቻው ጥያቄ ውድቅ ሆነ። ብርሀንነሽ ያለ ፈቃድ በመደወሏ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ አንብባ መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው።

በሳምንቱ ሱሀይላ ከአዲስ አበባ ደወለች።

«አላወቀችኝም፣ ኢንስፔክተር። ስታየኝ ሮጣ ሞግዚቷ ጀርባ ተደበቀች። ሦስት ቀን ሙሉ የማሳደጊያው በር ላይ ተቀመጥኩ፤ ሂጂ ቢሉኝም አልነቃነቅ አልኩ። ዛሬ ራሷ መጣች።»

«ምን አለችሽ?»

«‹አንቺ የማን እናት ነሽ?› አለችኝ። ‹ያንቺ› አልኳት። አሁን ጭኔ ላይ ተኝታለች።»