ማኅተም የሌለው መለከት

የሐሜል ሐይቅ በበጋ ደፈረሰ። ዝናብ ሳይጥል፣ ነፋስ ሳይነፍስ፣ እንደ መስታወት ጥርት ያለው ውሃ በአንድ ጠዋት የጭቃ መልክ ያዘ፤ ዓሦቹም ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ተንሳፈፉ። በሰርማት መንግሥት እንዲህ ያለ ክፉ ምልክት ታይቶ አያውቅም። ከመስፍኑ ከዛንቃል ማማ ላይ ግን ስድስቱ መለከቶች እንደ ወትሮው እስከ ቆላው ዳርቻ የሚሰማ አንድ ቃል አሰሙ፦ «ክትሩ ጽኑ ነው፤ አገሩ ሰላም ነው።»

ሙዳይ ይህን ቃል በደጃፏ ቆማ እየሰማች ሳለ ልጇ ናሬት ከሐይቁ ዳር እየሮጠች መጣች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር።

«እማዬ፣ ክትሩ ተሰንጥቋል። ክንዴ እስከ ክርኔ ድረስ ገባ።»

«ክንድሽን ምን ልታደርጊ ከተትሽው?» አለች ሙዳይ። መጀመሪያ የታያት የልጇ ክንድ ነበርና። ቀጥሎ አባቶች ውሃውን ካገዱበት ከዚያ የድንጋይ ክትር በታች፣ በቆላው የተዘረጉት ስድስት መንደሮች ታዩአት።

ከጥንት ጀምሮ እያንዳንዱ መንደር የራሱ መለከት ነበረው። በአንዱ የተነገረ በሁሉም ዘንድ ይሰማል። ሕጉም አጭር ነበር፦ ተናጋሪው የራሱንና የእናቱን ስም ጠርቶ «በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል፤ ያላየ አይናገርም። አንድ ዓመት ግን አንድ ሰው ያላየውን አየሁ ብሎ ሁለት መንደሮችን አጋደለ። ያን ጊዜ መስፍን ዛንቃል፣ «መለከቶቹን ለእኔ ስጡኝ፤ ቃል ሁሉ በማኅተሜ ይለፍ» አለ። ሕዝቡም በገዛ እጁ በበቅሎ ጭኖ ወሰደለት። ሙዳይ ያን ቀን እልል ካሉት አንዷ ነበረች። ልጅ ታቅፋ ነበር፤ የፈለገችው ጸጥታ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐሰቱ ቀረ፤ እውነቱም አብሮ ቀረ። ለክትሩ ማደሻ የተጠረበው ድንጋይ የመስፍኑ ማማ ሆኖ ሲቆም የተናገረ መለከት አልነበረም።

ናሬት ያየችውን ጽፋ ወደ ማማው ወሰደች። ማኅተም የሚመታው ሽማግሌ ድልቦ ወረቀቷን ተቀብሎ ወደ መስፍኑ ገባ፤ ሲወጣ በትሩንና ጋቢውን ይዞ ነበር፤ ከናሬትም ጋር ወደ ሙዳይ ቤት መጣ።

«ወረቀቱን አቃጥል፣ ጻፊዋን አስረክብ አሉኝ» አለ። «ወረቀቱን አቃጥያለሁ። ሁለተኛውን እርጅና አስረስቶኛል።»

«ታዲያ በእግራችን ሄደን እንንገራቸዋ» አለች ናሬት።

«እስከ መጨረሻው መንደር የስድስት ቀን መንገድ ነው፤ ክትሩ አራት ቀን ከቆመ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞም ከመለከት ያልሰሙትን አያምኑሽም፤ እኛው ነን እንዲህ ያስለመድናቸው። ይልቅ ስሙኝ። እነዚህ መለከቶች የተቆረጡት በጋርዳም ተራራ ከሚኖረው ከታላቁ አውሬ ከዘርጎም ቀንድ ነው። እሱ ዛሬም ሕያው ነው። ፈቅዶ የሚሰጠው ቀንድ የማንም ንብረት አይደለም፤ ማኅተምም አያግደውም። ወደዚያ የሦስት ቀን መንገድ ነው።»

ናሬት እጇን በድንጋይ ላይ ጭና ማለች፦ «ስድስቱ መንደሮች እስኪሰሙ ድረስ እህልና ውሃ በአፌ አይዞር።»

«መሐላሽን አስተካክዪ» አለች እናቷ፣ ስንቅ እየቋጠረች። «ሦስት ቀን ያለ ውሃ ተራራ የሚወጣ የለም።»

«እህል በአፌ አይዞር» አለች ናሬት።

«ቆሎ እህል አይባልም» አለችና ሙዳይ ቋጠሮውን በራሷ ትከሻ አንጠለጠለች። ልጇን ብቻዋን የምትልክበት ልብ አልነበራትም።

በሁለተኛው ቀን ከድልቦ ጋር ከአሞሮቹ ገደል ደረሱ። እነዚህ አሞሮች የመስፍኑ ጆሮዎች ነበሩ፤ ማኅተም ያልተመታበት ቃል ሲሰሙ ከሰማይ ወርደው የተናጋሪውን ዓይን ያወጣሉ። ስለዚህ ሦስቱ አፋቸውን በጨርቅ አስረው በጠባቧ መንገድ ላይ ተጓዙ። ሙዳይ ግን እናት ናት። የናሬት እግር ሲንሸራተት ጨርቁን በጥሳ «ልጄን!» ብላ ጮኸች።

ሰማዩ ጠቆረ። ሺህ ክንፍ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ ጥፍሮቹ እንደ ማጭድ አብረቀረቁ። ሙዳይ በልጇ ላይ ተደፋች። ያን ጊዜ ድልቦ ጨርቁን ፈትቶ ደረቱን ነፋና በመለከት ነጋሪ ድምፅ ጮኸ፦

«ክትሩ ጽኑ ነው፤ አገሩ ሰላም ነው!»

አሞሮቹ በአየር ላይ ቆሙ። ይህ ቃል በየጠዋቱ በማኅተም የሚያልፍ ነውና እንዲነኩት አልተማሩም። ድልቦ ደገመው፤ እናትና ልጅም ተቀበሉት። እንዲህ እየተቀባበሉ፣ ያንኑ ውሸት እንደ ዘፈን እያወረዱ፣ ገደሉን በሰላም ተሻገሩ።

«አሥራ ስድስት ዓመት ያተምሁት ቃል ዛሬ ገና ሰው አዳነ» አለ ድልቦ፣ ላቡን እየጠረገ።

«አያ ድልቦ፣ ድምፅዎ ግን ያምራል» አለች ሙዳይ። «ውሸት እንዲህ ካሳመረው እውነት ቢናገሩበትማ።»

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዘርጎምን አገኙት። በተራራው ራስ ላይ እንደ በረዶ ክምር ተኝቶ ነበር፤ ቀንዶቹ እንደ ዋርካ ቅርንጫፍ ተንሰራፍተዋል፤ ሲተነፍስ ደመናው ይገፋል።

«የመጣችሁበትን አውቃለሁ» አለ፤ ድምፁም ከእግራቸው ሥር ተሰማ። «ቀንዴ ብቻውን አይናገርም። ከስድስቱ መለከቶች እያንዳንዱ አንድ ሰው ድምፁን የሰጠበት ነው። የሰጠ ሰው ዳግመኛ በጉሮሮው አይናገርም፤ ድምፁ ግን በቀንዱ ይኖራል፤ ማንም ቢናገርበት የሚወጣው የዚያ ሰው ድምፅ ነው። ያየው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ናሬት።

ሙዳይ ከፊቷ ተደነቀረች። «የእኔን ውሰድ። እኔ ኖሬአለሁ፤ እሷ ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው።»

«ስንጥቁን አይተሻል?»

 ሐይቁ በደፈረሰበት ጠዋት ሙዳይ ከደጃፏ አልራቀችም። አይቻለሁ ማለት አንድ ቃል ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ፤ የልጇም ጉሮሮ ይተርፍ ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደረሰ። ነገር ግን በሐሰት የተወለደ መለከት ምን እንደሚናገር አሰበች፤ ሁለቱ መንደሮች በተጋደሉበት ዓመት የተቀበሩት ሰዎችም ታወሷት።

«አላየሁም» አለች፤ ተቀመጠችም።

ናሬት አጠገቧ ተንበረከከች። «እማዬ፣ እንዳታለቅሺ። ስታለቅሺ ፊትሽ ያስቀኛል፤ እየሳቅሁ ደግሞ መለከት አይነፋም።»

ዘርጎም ራሱን ዝቅ አደረገ፤ አንድ ቀንድ በፈቃዱ ወለቀ። ልጅቱም አነሣችው።

«እኔ የሙዳይ ልጅ ናሬት ነኝ። የሐሜል ክትር ተሰንጥቋል። በዓይኔ አይቻለሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ኮረብታ ውጡ።»

ድምፁ ከተራራው እንደ ንስር ወረደ። በዛንቃል ማማ ስድስቱ መለከቶች ቃሉን ተቀበሉ፤ አፋቸውን የዘጋው የማኅተም ሰም ተሰነጣጥቆ ረገፈ። በቆላው አርሶ አደሩ ሞፈሩን ጣለ፤ ሸማኔው ከመቀመጫው ተነሣ። ከዓመታት በኋላ በስሙና በእናቱ ስም የሚናገር ሰው ሰምተው ነበርና የተጠራጠረ አልነበረም። ሰውና ከብት ሁሉ ኮረብታውን ሞላው። በማግስቱ ቀትር ላይ ክትሩ ተደረመሰ። ውሃው ቤቱን፣ አዝመራውን፣ ማማውንም ጠራርጎ ወሰደ፤ ከሰው ግን አንዲት ነፍስ እንኳ አልወሰደም። ዛንቃልም ድኖ ነበር፤ መለከቶቹን ከማማው አውርደው ወደ ኮረብታው ከሸሹት ሎሌዎቹ ኋላ፣ በአንድ ጫማ፣ ከገበሬዎቹ መካከል ቆሞ ሲንቀጠቀጥ ያዙት።

ሦስቱ ከተራራው ሲመለሱ የሰርማት ንጉሥ ኤልማድ ዙፋኑን አስይዞ ወደ ኮረብታው መጥቶ ነበር፤ ለናሬትም ከዙፋኑ ተነሣላት። ቀጥሎም እንዲህ አለ፦ «ዛንቃል በድሏል። ሐሰት ተመልሶ እንዳይመጣ ግን ሰባቱን መለከቶች እኔ ልጠብቃቸው። የእኔ ማኅተም ደግ ማኅተም ነው።»

አንዳንድ ሴቶች እልል ማለት ጀመሩ። ሙዳይ በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም፤ ከልጇ ጎን ተነሣች።

«ንጉሥ ሆይ፣ እኔም ያን ጊዜ እልል ብዬ ነበር። ሐሰትን ከማንም በላይ እፈራለሁ። ሐሰት የተናገረ በሸንጎ ፊት ቆሞ በስሙ ይጠየቅ፤ ይቀጣም። ገና ሳይናገር ግን አፉ አይያዝ። መለከቱ ሕግ ይኑረው፤ ባለቤቱ ግን የሚሰማው ሁሉ ይሁን። እርስዎ ደግ ነዎት፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣውን ግን እኔም እርስዎም አናውቀውም።»

ንጉሡ ድምፅ አልባዋን ናሬትን ተመለከታት። «ይሁን» አለ። ኮረብታው በሆታ ተናወጠ፤ ስድስቱ መለከቶችም በዚያው ቀን በሕዝቡ ትከሻ ላይ ሆነው ወደየመንደራቸው ተመለሱ። ሰባተኛው በሙዳይ ደጃፍ አጠገብ ቆመ።

አሁን በየጠዋቱ ሰው ይሰለፍበታል። አንዱ ሠርግ ይጠራል፤ ሌላው የሸንጎውን ሹም ይከሳል፤ ሹሙም ቆሞ ይመልሳል። አንድ ቀን አንዲት ባልቴት መጥታ አህያዋ እንደ ጠፋች ተናገረች፦ አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ፣ ሲጠሯት የማትሰማ፣ ነገረኛ አህያ። ከመለከቱ የወጣው ግን የናሬት ድምፅ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ድምፅ። ናሬት ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ያለ ድምፅ እየሳቀች ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

የጠፋ ከብት እስኪገኝ ድረስ በየጠዋቱ ይነገራል። ሙዳይ የልጇን ሳቅ እያየች፣ የባልቴቷ አህያ ቶሎ እንዳትገኝ በልቧ ተመኘች።