የአንድ ሳጥን ውሾች

ዲያና መንገዱ መሀል ቁጭ አለች። ተናኜ ገመዱን በሁለት እጇ ብትጎትትም፣ ጥጃ የምታህለው ውሻ ንቅንቅ አልል አለች። ከኋላቸው፣ ከወጡበት ግቢ አጥር ውስጥ፣ ሌላው ውሻ ሬክስ ያላዝናል።

«አትጎትተው፣ ልጄ» አሉ የግቢው ዘበኛ ጋሼ ሻንቆ። አማርኛ ሲናገሩ ወንድና ሴት ይቀላቀልባቸዋል። «ሁለቱ ቡችላ ሆነው በአንድ ሳጥን ነው የመጡት። አንድ ቀን ተለያይተው አያውቁም።»

ውሾቹ የመንገድ ሥራው መሐንዲስ የነበረ የአንድ ፈረንጅ ነበሩ። ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የሚያኖራቸው ሰው እንዲፈልጉላቸው ለጋሼ ሻንቆ አደራ ብሎ ሄደ። የተናኜ አባት አንዷን ብቻ ፈቀዱ። «ሁለት አንበሳ አልቀልብም» ነበር ያሉት። ሬክስን ደግሞ የቤሌ ከተማው እህል ነጋዴ አቶ ጩማ ቅዳሜ ሊወስዱት ተስማምተዋል፤ መጋዘን እንዲጠብቅላቸው።

ለተናኜ አንዷም ትበቃት ነበር። አባቷ በ1954 መስከረም ላይ ከደብረ ብርሃን ወደ ሶዶ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ሲዛወሩ ይዘዋት መጡ። እናቷ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። በእረፍት ሰዓት የክፍሏ ልጆች በወላይትኛ ሲሳሳቁ እሷ ደብተሯን ታገላብጣለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቱ ዝግ ነው። አባቷ አምሽተው ይገቡና «እንዴት ዋልሽ?» ብለው ጋዜጣቸውን ይዘረጋሉ።

እንደምንም አባብላ ዲያናን ቤት አደረሰቻት። ውሻዋ ግን የውጭው በር ሥር ተጋድማ አፍንጫዋን ከሥሩ ባለው ስንጥቅ ላይ ደቀነች። ቂጣ በወተት ፈትፍታ ብታቀርብላት አልቀመሰችም። ሐሙስም፣ ዓርብም።

«ትለምዳለች» አሉ አባቷ።

«እኔስ መች ለመድኩ?» ልትል ፈለገችና ዋጠችው። «አባባ፣ ሬክስንም እንውሰደው» ብቻ አለች።

«ተናኜ፣ ጨርሰናል።»

ቅዳሜ ጠዋት ዲያናን ይዛ መሐንዲሱ ግቢ ስትደርስ የአቶ ጩማ የጭነት መኪና በር ላይ ቆሟል። ሬክስ አልወጣም ብሎ ሦስት ሰው ይታገለዋል። ዲያና ገመዱን ከተናኜ እጅ መንጭቃ ሮጠች። ሁለቱ አንገት ለአንገት ተቆላልፈው አፈር ላይ ተንከባለሉ። ከዚያ ዲያና ወደ ሬክስ ሳህን ሄዳ መብላት ጀመረች። እሱ አጠገቧ ቆሞ ጠበቃት።

አቶ ጩማ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ልጄ፣ ይኼ ለብቻው ሆኖ ምን ይጠብቅልኛል? ግቢዬ ሰፊ ነው፤ ቀለብም አላሳጣቸውም። ግን እሷ ያንቺ ናት። አልነጥቅሽም።»

ተናኜ ዲያና አፍንጫዋን የደቀነችበት የበሩ ሥር ስንጥቅ ታያት። ገመዱን ከመሬት አነሳችና ዲያናን ወደ መኪናው መራቻት። ዲያና ዘላ ወጣች፤ ሬክስም ማንም ሳይነካው ተከተላት። ተናኜ የገመዱን ጫፍ በራሷ እጅ ለአቶ ጩማ ሰጠቻቸው።

መኪናው ሲሄድ ዲያና ወደ ኋላ አላየችም። ተናኜ አቧራው እስኪበተን ድረስ ቆማ ቀረች።

«ቤትህ አትሄድም?» አሉ ጋሼ ሻንቆ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው፣ ቀስ ብለው።

«ትንሽ ልቀመጥ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ጠጋ አሉላት።